በጣት የሚታይ ጭቃ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሊዲያ ከአዲስ አበባ የተላከላትን ነጭ ሸክላ ይዛ ቤቴ መጣች። እሳት አይፈልግም፣ ፀሐይም አይፈልግም፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ የሚደርቅ ነው አለችኝ። ላስቲኩን ስትቀደው ጎንበስ ብዬ አሸተትኩት፤ የዝናብ ሽታ ጠብቄ የአዲስ ጫማ ሽታ ሸተተኝ። ልጅቷ ስልኳን እያየች ቅጠል ሠራች፣ ቀጥላ ዓሣ፣ ቀጥላ ጎድጓዳ ሳህን፤ ሦስቱም እንደ ሳሙና ልሙጥ ሆኑባትና ከንፈሯን ጣለች። ተነስቼ ከጓዳ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ ከመስተዋቱ ሥር ማበጠሪያ፣ ከደጅ አንድ የቡና ቅጠል አመጣሁ። ቅጠሉን በጀርባው አስተኝቼ በመዳፌ ጫን አልኩና ቀስ ብዬ ስልጠው ደም ሥሩ አንድም ሳይቀር ሸክላው ላይ ቀረ።

"አክስቴ! ይሄን ከየትኛው ቪዲዮ ላይ አየሽው?"

"ያስተማሩኝ ሴትዮ ዓይናቸው አያይም ነበር" አልኳት። የምቀልድባት መስሏት ሳቀች።

ልጅ ሳለሁ ቤታችን ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነበር። እናቴ ነርስ፣ አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሁለቱም ከመሃል አገር ተመድበው መጥተው እዚሁ ጅማ የቀሩ ናቸው። ከአጥራችን ቀጥሎ እማማ ሩቂያ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ የቡና መጋዘን ለቀማ ሲሠሩ ኖረው፣ ነቀዝ የነካውን ፍሬ ከጤነኛው ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው መለየት ሲችሉ፣ የፈጣሪ ነገር ሆኖ ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ሸፈነባቸው። ከበራቸው እስከ ቧንቧው አሥራ አራት እርምጃ፣ ከቧንቧው እስከ አቮካዶው ሥር ዘጠኝ እርምጃ ነበር፤ ግቢውን እንደ ኪሳቸው ያውቁታል። በመንገድ የሚያልፈውን ሰው በኮቴው ለይተው በስሙ ሰላም ይሉታል። ሰው ቤታቸው ሲገባና ሲወጣ ግን ኮቴ አይበቃቸውም፤ ፊቱን ከግንባር እስከ አገጭ በጣቶቻቸው ዳበስ አድርገው ነው የሚቀበሉትም የሚሸኙትም። የእነዚያ ጣቶች ጫፍ እንደ አሸዋ ወረቀት ሻካራ ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ የበለጠ የሚያስተኛ እጅ አላውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ከአዌቱ ወንዝ ዳር ጭቃ ቆፍሮ የማያመጣ ልጅ አልነበረም። ወንዶቹ መኪና ይሠራሉ፣ እኔ ደግሞ የቤት እንስሳ። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላኝ ሲል በራሴ እጅግ ተማምኜ ሥራዎቼን በሰፌድ ደርድሬ እማማ ሩቂያ ዘንድ ገባሁ። እሳቸው አንዱን አነሱና በእጃቸው አገላበጡት።

"ምንድን ነው?"

"በግ ነው።"

"ድንች ነው።" ሌላውን አነሱ። "ይሄስ?"

"ዶሮ።"

"ይሄም ድንች ነው። ምንቃር ያበቀለ ድንች።"

ማልቀስ ጀመርኩ። ሰፌዱን ከጭኔ ላይ ወስደው ወደ ራሳቸው ሳቡኝ። "አታልቅሺ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ዓይን ያለው ሰው ትንሽ ካሳዩት የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ጣት ግን ጅል ነው፤ ያልነገሩትን አያውቅም። በግ ከሆነ ጸጉር አለው አይደል? ታዲያ ለጣቴ ንገሪው።"

ለበጉ ጸጉር ስፈልግ እናቴ ብታየኝ የምትገድለኝን ሥራ ሠራሁ፤ የዱቄት ወንፊቷን ሰርቄ እርጥቡን ጭቃ በላዩ ጫንኩት፣ ተጨምቆ የወጣውን ቅንጥብጣቢ እየለቀምኩ በበጉ ጀርባ ላይ ለጠፍኩት። እማማ ሩቂያ ነክተውት "ጋሪዳ!" አሉ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያችን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ስል ያላተምኩት ነገር የለም። የዶሮዋን ላባ በማበጠሪያ ጥርስ አወጣሁት። ጆንያ የጫንኩበት ጭቃ መልሶ ጆንያ ሆነ፤ ቆረቆንዳ ያንከባለልኩበት የአዞ ቆዳ ሆነ፣ አዞ አይቼ ባላውቅም። እግር ሲገነጠልብኝ ሁለቱንም ወገን በእሾህ ጫር ጫር አድርጌ ቀጭን ጭቃ ቀብቼ እንዳጣብቀው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ፀሐይ ላይ ያሰጣሁት በሬ ወገቡ ላይ ሲሰነጠቅም እየሳቁ መከሩኝ። "ከአልጋ ሥር አድርጊው፣ እርጥብ ጨርቅ አልብሺው፣ አትቸኩዪ። የማይደበቅ ስንጥቅ ያወጣ እንደሆነ ደግሞ ዛፍ አድርጊው፤ ልጣጩ ያልተሰነጠቀ ትልቅ ዛፍ የለም።" በዚያ ዓመት ብዙ ዛፍ ሠራሁ።

አንድ ቀን እናቴ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን እንኳን ሳታስቀምጥ እማማ ሩቂያ ግቢ ገባች፤ እኔም ተከተልኳት። የዓይን ሐኪሞች ወደ ከተማው ሊመጡ ነው፣ ሞራ በነጻ ሊያነሱ ነው አለች።

"ሲስተር፣ አላህ ይስጥሽ፤ እኔ አልሄድም" አሉ እማማ ሩቂያ።

"ለምን እማማ? እርስዎ እኮ የሚያዩ ሰው ነዎት። የሸፈነዎት መጋረጃ ብቻ ነው።"

"ትንሽ ብርሃን ትታየኛለች። ጠዋትና ማታውን እለይባታለሁ። እሷንም ቢያጠፉብኝስ?"

በማግስቱ አንድ ልጃቸው ነስሩ ከአጋሮ መጣ። እዚያ ቡና የሚያለማ ትሑት ሰው ነው፤ ሚስትና ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሩት፣ እናቱን ወደ ራሱ ሊወስድ ከለመነ ዓመታት አልፎታል። ከአቮካዶው ሥር ተቀምጠው በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀሉ ሲከራከሩ በአጥሩ ቀዳዳ ሰማኋቸው። እሱ "ዓይንሽ ከዳነ እኮ ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ" ይላል። እሳቸው ደግሞ "ግቢዬን አውቃለሁ። አጋሮ ሄጄ ጥግ የተቀመጠ ጆንያ ልሁንልህ?" ይላሉ። ነስሩ ሲወጣ ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ይጠርግ ነበር። አባት የሆነ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ መጀመሪያዬ ነው፤ በጣም ተናደድኩ።

ንዴቴን በጭቃ ተወጣሁት። ለሦስት ቀን እማማ ሩቂያ ፊት ለፊት ተቀምጬ አፈጠጥኩባቸው፤ አንድ ልጅ ትልቅ ሰውን እንዲያ ሳይቆጡት አፍጥጦ ለማየት መቼ ዕድል ያገኛል? ከዚያ ፊታቸውን ሠራሁት። የጉንጫቸውን መጨማደድ በቡና ቅጠል ጀርባ አተምኩ፤ አንዱን ቅጠል በአንዱ ላይ እየደራረብኩ፣ መስመሮቹ እስኪጠላለፉ። ግንባራቸውን በማበጠሪያ፣ ሻሻቸውን በጆንያ ሠራሁ። ዓይን መሥራት አልቻልኩበትምና ጨፈንኩላቸው። ከአልጋዬ ሥር ሳምንት አቆይቼ፣ ሳይሰነጠቅ ሲደርቅ ወሰድኩላቸው።

ብዙ ዳበሱት። "ሰው ነው" አሉ። "ሴት ናት። አሮጊት ናት፣ ያ ረቢ፣ ምን ያህል ብታረጅ ነው! ማን ናት?"

"አልነግርዎትም።"

"ማል ጄታ? ምን አልሽ?"

"በዓይንዎት ሲያዩዋት ያውቋታል" አልኩና ሮጥኩ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት የልጅነቴ ትልቁ ድሌ ናቸው። ጠዋት ትምህርት ቤት ልሄድ ስወጣ በአጥሩ ላይ ድምፃቸው ይመጣል፦ "የከሰል ሻጯ እናት ናት?" አይደለችም። ከሰዓት ስመለስ፦ "የመስጊዱ በረኛ ሚስት?" አይደለችም። "ጉንጯ እንዲህ የተኮማተረ ሴት እኔ አላውቅም! ዋላሂ፣ ሰው ሳይሆን ደረቅ ቡና ነው የሠራሽው!" ይላሉ። እናቴን ቢጠይቋትም እናቴ ከእኔ ጋር ተማምላ ነበር። ሦስት ነገሮች ናቸው ያሳመኗቸው፦ የእናቴ ምክር፣ የነስሩ ልመናና የዚያች አሮጊት ነገር፤ የትኛው የመጨረሻዋን ሚዛን እንደደፋ እግዜር ይወቀው፤ እኔ ግን ድርሻዬን ለማንም አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም። አንድ ጠዋት ወደ አጥሩ መጥተው "ሲስተር" አሉ፣ "ቀኑ መቼ ነው ያልሽው?"

ፋሻው በተነሳ ዕለት የጭቃውን ፊት በሁለት እጄ ይዤ በራቸው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። እማማ ሩቂያ በነስሩ ክንድ ተደግፈው መጡ፤ እናቴ ከኋላ ነበረች። በሩ ጋ ሲደርሱ የልጃቸውን ክንድ ለቀቁትና በራሳቸው ገቡ። እርምጃ አልቆጠሩም። ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ይቺ ናት አስቴር? ድምፅሽ እኮ ወፍራም ነበር፤ ምነው እንዲህ ቀጠንሽ?"

የሠራሁትን ሰጠኋቸው። አዩት፣ አሁንም አላወቁትም። "ማን ናት?" ሲሉኝ ጀግንነቴ ሁሉ ከዳኝና ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ ቀስ ብላ ወደ ቤት ገብታ መስተዋት አምጥታ ሰጠቻቸው። ዓይናቸው ከተሸፈነ ስድስት ዓመት ሆኖት ነበር። መስተዋቱን አዩ፣ ጭቃውን አዩ፣ ጉንጫቸውን በጣታቸው ነኩ፣ የጭቃውንም ጉንጭ ነኩ። ነስሩ መሬት መሬት ያያል።

"መቼ ነው እንዲህ ያረጀሁት?" አሉ ለማንም ሳይሆን።

የሠራሁት ኃጢአት መስሎኝ ልሸሽ ስል እጄን ያዙኝ። "አፍንጫዬን ግን አሳንሰሽዋል" አሉና መሳቅ ጀመሩ፤ እስኪያነቡ ሳቁ፣ ለአዲሱ ዓይን ለቅሶ ክልክል ነው ብላ እናቴ እስክትቆጣ ድረስ። በኋላ መደርደሪያው ላይ የነበሩትን እንስሶቼን አንድ በአንድ አዩዋቸው። "ያን ሁሉ ጊዜ ስዳብሰው የኖርኩት ይሄን አስቀያሚ በግ ነው?" አሉ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀርባውን ዳሰሱት። "አሁን በግ ሆነ።"

ያላሰብኩት ነገር የመጣው የቡና ለቀማው እንዳለቀ ነው። ዓይናቸው ካየ በኋላ ጊንጆ ጉዱሩ ብቻቸውን የሚቀመጡበት ምክንያት አልነበረም። ነስሩ መጣና ዕቃቸውን ጫነ። መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል ፊቴን ለጣቶቻቸው አዘጋጅቼ ቀና አልኩ፤ እሳቸው ግን ራቅ አድርገው ያዙኝና በዓይናቸው አዩኝ፣ በደንብ አዩኝ፣ ሁለቱን ጉንጮቼን ሳሙኝና ገቡ። ለምን እንዲያ እንዳለቀስኩ ለእናቴ ማስረዳት አልቻልኩም። ዛሬም ቢሆን ያደረግኩትን አልጸጸትበትም፤ ያኔ የሄደብኝ ግን ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

ካረፉ በኋላ፣ እኔም ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አጋሮ ለቅሶ ደረስኩ። አፈር ይቅለላቸው፣ ዐሥራ ሰባት ዓመት በዓይናቸው ኖረዋል፤ የልጅ ልጆቻቸውን ራሳቸው ትምህርት ቤት አድርሰዋል፣ እስከ መጨረሻው ቡና ሰብስበዋል። ጥቂት ተቀምጬ ለነስሩ ሚስት ያንን የጭቃ ፊት ጠየቅኳት። ድምጿ ውስጥ ይቅርታ ነበር። "ራሳቸው ናቸው ባልዲ ውስጥ የዘፈዘፉት" አለችኝ። "ልጆቹ መጫወቻ ጭቃ ሲያጡ። እሳት ያልነካው ጭቃ አላለቀም፣ ሌላ ነገር ይወጣዋል አሉ።" መጀመሪያ ከፋኝ፤ ወዲያው ደግሞ እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ምን ይጠበቃል አልኩ።

ዛሬ ያ አጥር በብሎኬት ተተክቷል፤ ጭቃ የምንቆፍርበት የወንዝ ዳር ላይ ሱቅ ተሠርቶበታል። የአቮካዶው ዛፍ ከተቆረጠም ቆይቷል። ያን ጊዜ ከለቅሶው ስሰናበት ነስሩ የእናቱን ፎቶ ሊሰጠኝ ፈልጎ ቤቱን ሙሉ ፈለገ፤ ያገኘው ድሮ ለመታወቂያ የተነሱትን አንድ ብቻ ነበር። ይዤው መጥቻለሁ። ፎቶው ላይ ያለችው ወጣት ሴት ቆንጆ ናት፣ ጉንጯ ልሙጥ ነው፤ እኔ አላውቃትም።