የሬዲዮ እባብና የጫካው አበባ

የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ «ሬዲዮ» ትባላለች፤ የክርስትና ስሟን የምታስታውሰው እናቷ ብቻ ናት። ፀጉር ቤቷ አንዲት ክፍል፣ አንድ መስታወት፣ ሁለት ወንበር ነው፤ ግን ማን ከማን እንደተኳረፈ ተኳራፊዎቹ ራሳቸው ሳያውቁ እዚያ ተሰምቶ ያድራል። ወሬዋ ደግሞ ውሸት የለበትም። «ሬዲዮ ካለች አለቀ» ይባልላታል። በዚህች በዚህችማ ኩራቷ አይጣል ነው!

አንድ ቀን አንዲት የዕፅዋት ተመራማሪ ፀጉሯ ላይ ቅጠል ተሸክማ ገባች።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ እመቤት፣ ከቁጥቋጦ ጋር ተደባደብሽ እንዴ?»

«አበባ ፍለጋ ስንከራተት ነዋ!» ብላ በስልኳ ፎቶ አሳየቻት። ነጭ፣ መሃሉ ላይ ሐምራዊ ነጠብጣብ ያለው፣ ጥፍር የሚያህል አበባ። «ከምድር የጠፋ መስሎናል።»

ሬዲዮ ማበጠሪያውን ወረወረችው። «የምን መጥፋት! እኛ ጓሮ ያለው ጫካ ውስጥ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር አለልሽ!»

ተያይዘው በረሩ፤ አንዷ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ እንደተንጨባረረ፣ አንዷ ፎጣ ትከሻዋ ላይ እንደጣለች። ተመራማሪዋ አበባውን ስታይ ጭቃው ላይ ተንበርክካ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ደግሞ አለቀሰች።

«እባክሽ እህቴ፣ ቦታውን አስከልዬ እስክመለስ ለማንም እንዳትነግሪ። ነቅሎ የሚሸጥ ይመጣል። ይህ ደግሞ ከተነቀለ አይጸድቅም፤ ጥላ የሚሆነው ዛፍ ከተቆረጠም ፀሐይ ይጨርሰዋል።»

ሬዲዮን ዝም በይ ማለት ዘበት ነው! ሆዷ በወሬ ተነፋ። እንጨት ለቃሚ ወደ ጫካው ባለ ቁጥር መቀሷን ይዛ በር ላይ ትወጣለች። ኋላ ዘዴ መጣላት። አንዷን ደንበኛ እየሠራች፣ «ጉድ ሰማሽ? ጓሯችን ጫካ እባብ ገብቷል። ክንዴን ያክላል!» አለቻት።

ኧረ እንዴት ሠራ! ወደ ጫካው ዝር የሚል ጠፋ። ግን እናንተዬ፣ ወሬው በዞረ ቁጥር እባቡ አደገ። ዳቦ ቤት ሲደርስ ጭን አከለ፤ ጋራዥ ሲደርስ ሁለት ራስ አበቀለ። ቅዳሜ ጠዋት የባሏ ወንድም፣ አናጢው፣ ገጀራና ነጭ ጋዝ የያዘ ሰው አስከትሎ ከች!

«ጫካውን መንጥረን እናቃጥለዋለን! ሁለት ራስ አለው!»

«የምን ሁለት! አንድም የለውም፣ ዋሽቼ ነው!»

«ሬዲዮ ዋሸች? ሂጂ ወዲያ! አሁን ነው የምትዋሺው፤ ፈርተሽ ነው!»

ማን ይመናት? ጫማዋን አውልቃ ዘላ ጫካው ውስጥ ገባች። ከዛፉ ሥር ተቀምጣ አበባውን በቀሚሷ ጋረደችና እግሯን ዘረጋች። «ና እባብ! በሁለቱም ራስህ ስማኝ፣ እግሬ ይኸው! ና ብላ!»

ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ቅጠል እንኳ ኮሽ አላለም። ድንገት አናጢው ሳቁን ለቀቀው፤ ሌላውም ገጀራውን ጥሎ ሆዱን ያዘ።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የዋሸሽን?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«እንዲሁ አማረኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ «ዝናብ መጣ» ብትል እንኳ ደንበኛ በር ከፍቶ ሰማይ ያያል። እሷ ግን ስለ አበባው ትንፍሽ ሳትል የሰው ፀጉር ትሠራለች።

ተመራማሪዋ ፈቃዱን ይዛ፣ አጥር ሠሪዎች አስከትላ ስትመጣ ሬዲዮ እግሯ መሬት አልነካ አለ።

«አሁንስ ላውራ?»

«አውሪ እህቴ፣ አውሪ!»

እየሮጠች ወጣች። «ስሙ! ጓሯችን ከምድር ጠፋ የተባለ አበባ አለ! ያዳንኩትም እኔ ነኝ!»

ደጃፉ ላይ ጣውላ ሲቆርጥ የነበረው አናጢ መጋዙን አስቀምጦ ቀና አለ።

«እሺ» አለ፣ «ስንት ራስ አለው?»