የኬዛያ ጥቁር ቀሚስ

ቆዳ የሚለፋበት ግቢ እንግዳ አይበዛበትም፤ ሽታው ያባርራል። ስለዚህ ጆታም ሉድላም ፈረሱን በር ላይ አስሮ፣ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ሳይጭን፣ ፈገግ እያለ ሲገባ ታላቅ እህቱ ኬዛያ ነገሩ ወዲያው ገባት። ምርጫ ደርሷል ማለት ነው።

እሷ የኖራው ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ቆማ የበሬ ቆዳ በረጅም መንጠቆ እየገለበጠች ነበር። እጅጌዋን ሰብስባለች። ክንዷ እስከ ክርኗ ድረስ በባሉጥ ዛፍ ቅርፊት ውኃ ጠቁሯል፤ ያ ቀለም በሳሙና አይለቅም፣ በሎሚም አይለቅም፣ ሥራውን የተወ ሰው ራሱ ለወራት ይዞት ይዞራል።

"ደህና ዋልሽ እትዬ?"

"ደህና። መሐረብህ ጠፋብህ እንዴ?"

"ኧረ ዛሬ ምንም አይሸትም።"

"አዎ፣ ምርጫ ሲደርስ አይሸትም። የሚብሰው ካለፈ በኋላ ነው።"

ጠጉር መፋቂያው ግንድ ላይ ያጎነበሰው ቲተስ ሳቁን ዋጠ። ቲተስ ነጻ የወጣ ጥቁር ሰው ነው። ከወንዙ ማዶ የራሱ ቤትና ጓሮ አለው፤ የኬዛያ ባል በሕይወት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚያው ግቢ የሚሠራ፣ ቢላዋው ቆዳ የማይበሳ ባለሙያ ነው።

ያን ጊዜ፣ አሜሪካ ነጻ በወጣች በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት፣ በኒው ጀርሲ ግዛት ሕጉ "በቂ ንብረት ያለው ነዋሪ ይምረጥ" ይላል እንጂ ወንድ ይሁን ሴት፣ ነጭ ይሁን ጥቁር አይልም። ያገባች ሴት ንብረቷ የባሏ ስለሆነ አትመርጥም። መበለት ግን ንብረቷ የራሷ ነው፤ ትመርጣለች። ቀለበት ዳግመኛ ካጠለቀች ድምፁ ከጣቷ ጋር ይታሰራል። ስለዚህ ምርጫ ሲመጣ ተወዳዳሪዎች በየመበለቱ በር ጋሪ ይልካሉ፤ መበለት የሚያሽኮረምም ወንድ ካገኙ ደግሞ በልባቸው ይረግሙታል።

ጆታም የመጣው ለዚሁ ነው።

"ዊናንት የሚሉት ቅርፊት ነጋዴ ይመላለሳል አሉ" አለ፣ የቅርፊት መፍጫውን የሚያዞረውን ፈረስ እየደባበሰ።

"ቅርፊት ያመጣልኛል። ቆዳ ያለ ቅርፊት አይለፋም።"

"ቅርፊት ብቻ?"

"አንተን እኔ አሳደግሁህ እንጂ አንተ አላሳደግኸኝም፣ ጆታም።"

እውነቷን ነው። እናታቸው ስትሞት ጆታም ገና በእግሩ አልቆመም ነበር። አባታቸው የነበራቸውን የእህል ወፍጮ ጠጥቶ ጨረሰው። ኬዛያ በዕድሜ እጅግ የሚበልጣትን ቆዳ አልፊውን ኢኖስ ፔሪንን ያገባችው ወንድሟ አብሯት እንዲገባና እንዲማር ቃል ካስገባችው በኋላ ነው። ኢኖስ ቃሉን ጠበቀ። ጆታም ሕግ ተማረ፤ ኢኖስ በንዳድ ሞተ፤ ግቢው ለእሷ ቀረ። ጆታም ለግዛቱ ሸንጎ ሲወዳደር ጋሪ ራሷ እየነዳች የአካባቢውን መበለቶች የሰበሰበችለት ኬዛያ ናት።

"እሱን አግቢው" አለ ጆታም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ደግ ሰው ነው። ግን ከምርጫው በኋላ ይሁን። ያንቺ ድምፅ ብቻ አይደለም የሚጎድለኝ፤ አንቺ ከሌለሽ ሌሎቹ ከቤታቸው አይወጡም። አለቃቸው አንቺ ነሽ።"

"ከምርጫው በኋላ?"

"በእናታችን።"

ለዊናንት ነገረችው። ዊናንት የሆላንዳውያን ልጅ ነው፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ንግግሩ የሚንቀረፈፍ፣ ጢሙ ውስጥ ሁልጊዜ የቅርፊት ብናኝ የማይጠፋ። ጥቂት አሰበና "አንቺ አንድ ቆዳ ዓመት ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ትጠብቂ የለም እንዴ? እኔም እችላለሁ" አላት።

ሌላም ለዊናንት ያልነገረችው ነገር ነበር። ወረቀቷን ሳጥኑ ውስጥ ስትጨምር አስመራጩ ባርኔጣውን ያወልቅና "ወይዘሮ ፔሪን" ይላታል። የማን ሚስት እንደሆነች፣ የማን እህት እንደሆነች ማንም አይጠይቅም። በዓመት ውስጥ የራሷን ሐሳብ የምትጠየቅበት ቀን እሱ ብቻ ነው። ሠርጉን ያዘገየችው ለወንድሟ ስትል ብቻ እንደሆነ ራሷን ጠይቃ ታውቃለች። ለሁለቱም ነው፤ ለእሱም ለራሷም።

ጆታም አሸነፈ። ኬዛያ የሠርግ ጨርቅ ገዝታ ገና ሳትቀደው ሌላ ጣጣ መጣ። አዲስ ፍርድ ቤት ሊሠራ ነው፤ የት ይሠራ? በእነሱ ከተማ ወይስ ከወንዙ በታች ባለው? ሕዝቡ ድምፅ ይስጥ ተባለ። ፍርድ ቤት ያለበት ከተማ ማደሪያው፣ መጠጥ ቤቱ፣ ጫማ ሰፊው ሁሉ ይጠቀማል፤ ሰው አበደ።

"አንድ ጊዜ ብቻ እትዬ" አለ ጆታም።

ዊናንት ይህን ሲሰማ ከጋሪው አልወረደም።

"'አንድ ጊዜ ብቻ' የሚባለው ስንት ጊዜ ነው?"

"ይቺ የመጨረሻዋ ናት።"

"ኬዛያ፣ እኔ የመጣሁት አንቺን ላገባ ነው ወይስ ወንድምሽን? የእኔ ወንድም በምዕራብ፣ ኦሃዮ፣ መሬት ይዟል፤ ጫካው ሁሉ ባሉጥ ነው ይላል። አብረሽኝ ሂጂ።"

"ድምፁ ይለፍና…"

"እኔ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ቆዳ አይደለሁም" አለ። አልተቆጣም። ቅርፊቱን በደንብ አራግፎ፣ እርጥብ እንዳይነካው ሸራ አልብሶ ሄደ። በረዶው መንገዱን ሳይዘጋው ወደ ምዕራብ ተነሣ አሉ።

በዚያው ሰሞን የጆታም ሚስት ላቪኒያ መጣች። እሷ መሐረቧን ከአፍንጫዋ ላይ አላነሣችም። የኬዛያን የሐዘን ቀሚስ፣ ጥቁሩን ሱፍ፣ ፊት ከሚሸፍነው ቆብ ጋር አውሺኝ አለቻት። አንዲት ድሃ ሴት ባሏ ሞቶባት የምትለብሰው አጥታለች፣ አለች። ኬዛያ ኢኖስን የቀበረችበት ቀሚስ ነው፤ በጎኑ ከለፋ የጥጃ ቆዳ ራሷ የሰፋችለት የቁልፍ ኪስ አለው። ዊናንት ካነጋገራት ወዲህ አልለበሰችውም። ሰጠቻት።

ድምፅ በተሰጠ ማግስት ዳቦ ጋጋሪዋ መበለት ሁልዳ ተቆጥታ መጣች። ሁልዳ ከክንድ ርቀት ወዲያ አታይም፤ ግን አየሁ ያለችውን አትለቅም።

"ምን አደረግሁሽ ኬዛያ?"

"ምን አደረግሽኝ?"

"ትናንት ጠዋት ሰልፍ ላይ ሰላም ብልሽ ዘግተሽኝ አለፍሽ! ከሰዓትም ደገምሽው። ደሞ እርምጃሽ! ቀሚስ ለብሶ እንዲህ የሚራመድ ሰው አይቼ አላውቅም።"

"ትናንት ጠዋት እዚሁ ነበርሁ። የመጣሁት ከሰዓት ነው፤ ያውም በግራጫው ቀሚሴ።"

"እኔ ጥቁሩን ነው ያየሁት። ያንቺ ለመሆኑ ዓይን አያስፈልገኝም፤ አፍንጫ አለኝ።"

ቀሚሱ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ከላቪኒያ ምስጋና ጋር ተመለሰ። ኬዛያ ዘረጋችው። ትከሻው ከሁለቱም በኩል ተቦጭቋል፤ ክሩ አልተበጠሰም፣ ጨርቁ ነው የተቀደደው። ሰፊ ትከሻ በግድ ሲገባበት እንዲያ ነው የሚሆነው። የቆዳ ኪሱ ውስጥ ማጠብ የረሱት የትምባሆ ፍርፋሪ አለ። እጇን እዚያው እንዳስገባች ቆየች። 'ረጅም ድሃ ሴት ትሆናለች፤ ትምባሆም የሚያጨሱ ሴቶች አሉ' ብላ ለራሷ ነገረች። ያን ቀን ማመን የፈለገችው ይህን ነበር። ቀሚሱን ሳትሰፋው ቆዳ ማድረቂያው ጎጆ ውስጥ ሰቀለችው። ሁለት መርፌ ይዛ የፈረስ ኮርቻ የምትሰፋ ሴት ትከሻ መስፋት አቅቷት አይደለም።

ቆጠራው ሲያልቅ ከተማው ውስጥ ካለው ሰው ይልቅ የመረጠው ሰው በለጠ። በታችኛውም ከተማ እንዲሁ። ውጤቱ ተሰረዘ፤ ግዛቱ በሙሉ ሣቀባቸው።

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት ቲተስ ከወንዙ ወደብ ጨው ሊጭን ሄዶ ባዶ ጋሪ ይዞ ተመለሰ።

"ጨውስ?"

"ረሳሁት" አለ ቲተስ። ምንም ነገር ረስቶ አያውቅም። "ሸንጎው ወሰነ፣ ወይዘሮ ኬዛያ። ከእንግዲህ የሚመርጠው ነጭ ወንድ ብቻ ነው። ለእርስዎም ለእኔም አበቃ።"

"ማን ነው ያመጣው?"

ቲተስ ቢላዋውን አንሥቶ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ።

"ቲተስ፣ ማን ነው?"

"ወንድምዎ ናቸው የተናገሩት። ሴት ወደ ሳጥን መቅረቧ ነው ለማጭበርበር በር የከፈተው፤ በቀሚስ ተሸፍነው ደጋግመው መረጡ፤ ምርጫችንን እናጥራ፣ አሉ። ሸንጎው በጭብጨባ ተናጋ ነው የሚሉት።"

ኬዛያ ሽርጧን ፈታች። ቀሚሱን ከተሰቀለበት አወረደች፣ በክንዷ ሥር ይዛ ወንድሟ ቤት ሄደች። ጆታም ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። ቀሚሱን ጉልበቱ ላይ ጣለችለት።

"ማን ለበሰው?"

ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ ትከሻውን አየና ተወው። "የበኩር ልጄ ነው። የታችኛው ከተማ ሰዎችም ለብሰዋል እኮ እትዬ! ከተማችን እንዳይሸነፍ ብለን ነው።"

"ያንን ልጅ ከእናቱ ማሕፀን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ያጭበረበረው ሱሪ ለባሹ ከሆነ ቀሚስ ለባሿን ለምን አባረርሃት?"

"አንቺ ነገሩን እንደ ግቢሽ ታይዋለሽ። ሸንጎ ሌላ ነው። ከግዛቱ ደቡብ የመጡት የሸንጎ ሰዎች ይህን ካልሰጠኋቸው ለአገረ ገዥነት አይመርጡኝም። ሁሉም የሆነ ነገር ይሰጣል።"

"የሰጠኸው ግን የእኔን ነው።"

ጆታም ተነሥቶ ትከሻዋን ያዘ፤ ልጅ ሳለ እንዲያ እየያዘ ነበር የሚታረቃት። "ደሞም እኮ ገላገልኩሽ። ከእንግዲህ የሚይዝሽ ነገር የለም፤ አሁን ማግባት ትችያለሽ።"

"ማንን?"

"ያንን… ማን ነበር ስሙ? የቅርፊቱን ሰውዬ።"

ኬዛያ አየችው። ዊናንት መሄዱን አያውቅም። ስሙንም አያውቅም። በእናቱ ሲምልላት ስለ ማን እንደሚምል እንኳ ልብ አላለም ነበር። ዊናንት ኦሃዮ ላይ ማግባቱን አዲሱ ቅርፊት አቅራቢ ባለፈው ሳምንት ነው የነገራት፤ ያንን ለጆታም አልነገረችውም። ቀሚሱን ከእግሩ ሥር ከወለሉ ላይ አነሣችና ወጣች። ጎጆው ውስጥ መልሳ ሰቀለችው።

በሚቀጥለው ምርጫ ከቲተስ ጋር ንጹሕ ልብስ ለብሰው ሄዱ። ሕጉን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ፊት ለፊት ይባልልን ብለው ነው። አስመራጩ ያው የድሮው ሰውዬ ነበር። ባርኔጣውን አላወለቀም። "ወይዘሮ ፔሪን፣ ይሂዱ ወደ ቤትዎ" አላት፣ ወረቀቶቹን እያስተካከለ። ቲተስን አላናገረውም፤ በእጁ ብቻ ወደ በሩ አመለከተው። ሰልፉ ላይ ያሉት ወንዶች መንገድ ለቀቁላቸው፤ የለፋ ቆዳ የለበሱ፣ ጫማቸው ከእሷ ግቢ የወጣ ወንዶች።

ሸንጎው በዚያው ዘመን ጆታምን አገረ ገዥ አድርጎ መረጠው። የደቡቦቹ ሰዎች ቃላቸውን ጠብቀዋል።

የሹመቱ ግብር ሊበላ ሲል የላቪኒያ መልእክተኛ መጣ። ኬዛያ በአገረ ገዥውና በሚስቱ መካከል እንድትቀመጥ ወንበር ተዘጋጅቷል፤ አገረ ገዥው ስላሳደገቻቸው እህት ንግግር ያደርጋሉ፤ እባክሽ ክንድሽን የሚሸፍን ረጅም እጅጌ ልበሺ፣ የሚል ነው።

ኬዛያ ወደ ማድረቂያው ጎጆ ገባች። ቀሚሱ ከጥሬ ቆዳ ጋር ከርሞ ሽታው ዓይን ያስነባል። አላጠበችውም፣ አልሰፋችውም። በንጹሕ ነጭ ጨርቅ በሥርዓት ጠቀለለችና ለቲተስ ሰጠችው።

"በእኔ ወንበር ላይ አስቀምጠው። የመረጠው ቀሚሱ ነው፣ እሱው ይብላ በላቸው።"

ቲተስ በማግስቱ ከሰዓት ተመለሰ። ፈረሱን ውኃ አጠጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ሽርጡን አሰረ። ኬዛያ አላጣደፈችውም።

"አስቀመጥሁት" አለ በመጨረሻ። "እሜቴ ላቪኒያ ጨርቁን ሲገልጡ ሾርባው ራሱ የሸሸ መሰለኝ።"

"እሱስ?"

"መጡና አዩት። ኪሱን በእጃቸው ዳበሱት። 'እትዬ ራሷ ናት የላከችው?' አሉኝ። አዎ አልሁ። ከዚያ ወንበሩን ከነቀሚሱ አስወጡት።"

"ንግግሩ ቀረ በለኛ።"

ቲተስ መንጠቆውን ከግድግዳው አወረደ።

"አልቀረም። አደረጉት። ስለ እርስዎ ነበር፤ እንዴት እንዳሳደጓቸው፣ እንዴት ዕድሜዎን እንደሰጧቸው። አሟት ነው የቀረችው አሉ። እናታችሁን ሲያነሡማ ሰው አለቀሰ።"

"እሱም አለቀሰ?"

"እሳቸውም።"

ኬዛያ ጉድጓዱን አየች። ከላይ ያለው ቆዳ የሚገለበጥበት ሰዓት አልፏል፤ ከዚህ በላይ ከቆየ ይዥጎረጎራል። መንጠቆዋን አነሣች።

"ያኛውን ጫፍ ያዝ" አለችው።