የዳማዋ ባዝራ ዋጋ

ያን ቅዳሜ ጠዋት ካምፓላ ውስጥ፣ ከጋባ የዓሣ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር ባለው የፈረስ ግቢ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ አባቴ ግርማ፣ ቢሮ የሚሄድ ይመስል ክራባት አስሮ፤ የአባቴ ወዳጅ ሐጂ ሰይድ፣ ኪቡሊ መስጊድ አጠገብ ሱቅ ያላቸው የወሎ ሰው፤ የአሥራ አንድ ዓመቷ እህቴ ሰላም፤ የግቢው ባለቤት ምዜ ካቶ፣ ምዜ ማለት እዚያ ለሽማግሌ የሚሰጥ ክብር ነው፤ እና እኔ፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ ብብቴ ሥር ደብተር ወሽቄ። ፈረሶችም ይቆጠራሉ ከተባለ ሁለት ነበሩ።

ይህን ሁሉ ትዝታ ዛሬ የቀሰቀሰብኝ አንድ ጫማ ሰፊ ነው። ባለፈው ሳምንት ጫማዬን አውልቄ አጠገቡ እንደተቀመጥኩ አንድ የደረቀ የቆዳ ቦርሳ በቅባት ማሸት ጀመረ፤ ሽታው የኮርቻ ሽታ ነው፣ በቅባት የታሸ ቆዳ ላይ ትንሽ ላብና ትንሽ ሣር የጨመሩበት ያህል፣ እና ጫማዬ ተሰፍቶ እስኪያልቅ ድረስ እኔ እዚያ አልነበርኩም።

ኮሮና ትምህርት ቤቶችን የዘጋበት ሁለተኛው ዓመት ነበር። ሰላም ከዚያ በፊት ከቦዳ ቦዳ፣ ከኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ወድቃ ክንዷ ተሰብሮ ነበር፤ አጥንቱ ቢገጥምም ፍርሃቱ አልለቀቃትም፣ መኪና ውስጥ እንኳ ዓይኗን ጨፍና የአባቴን እጅጌ ጨምድዳ ነበር የምትሄደው፣ ቆይታም ከነጭራሹ ከሙየንጋው ቤታችን በር መውጣት ተወች። አንድ ቀን አንድ ጎረቤታችን በቤታችን በኩል ፈረስ ስቦ ሲያልፍ አየችና ሮጣ ወጣች፤ በማግስቱም አባቴን «ፈረስ ግዛልኝ» አለችው። አባቴ ዋጋውን ሳይጠይቅ እሺ አለ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ይህች ልጅ አንድ ጊዜ ደግማ ከወደቀች ከዚያ በኋላ ምንም ነገር እንደማያወጣት አውቅ ነበርና።

ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ። ፈረስ ነክቼ አላውቅም፤ ስልኬ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ሰኮና፣ ስለ አረማመድ፣ በሁለት ወር ውስጥ አንብቤ ደብተሬ ላይ በራሴ አማርኛ ገለበጥኩ። ለጀማሪ የሚሆን፣ ለሁሉም ነገር የሚበቃ፣ የሚታመን ፈረስ ስንት እንደሚያወጣም ስጠይቅ ከረምኩ፤ የሚነግረኝ ሁሉ የተለያየ ዋጋ ይነግረኝ ስለነበር አንዱንም ሳላምን ሁሉንም ጻፍኩ።

ምዜ ካቶ መጀመሪያ ያወጡልን ወጣቱን ጉራች፣ ጥቁሩን ነበር። አንገቱ የተቆለመመ፣ ቆዳው በሐይቁ ብርሃን የሚያብለጨልጭ፣ መሬቱን የሚጎደፍር ፈረስ ነው፤ ዋጋው ስድስት ሚሊዮን ሺሊንግ። ሁለተኛዋ ዳማ ባዝራ፣ ቡናማ ሴት ፈረስ ናት፤ የአሥራ አራት ዓመት፣ ሆዷ ወረድ ያለ፣ አንድ እግሯ ነጭ የሆነ፣ የታች ከንፈሯ የተንጠለጠለ፤ ዋጋዋ ዘጠኝ ሚሊዮን።

«ለአሮጊቷ ዘጠኝ?» አሉ ሐጂ። «ምዜ፣ አገላብጠው የነገሩን መሰለኝ!»

ምዜ ካቶ ሳቁ። «አላገላበጥኩም ሴቦ፣ ጌታዬ። ጉራቹን ለመጣ ሁሉ እሸጠዋለሁ። እሷን ግን ልጅ ላለው ሰው ብቻ ነው።»

አባቴ ወደ ሐጂ ዞረ፤ የሐጂ ዓይን ደግሞ ጉራቹ ላይ ነበር። የሁለቱም ስሕተት የአገራችን ስሕተት ነው፤ እኛ ዘንድ ፈረስ ሲባል የሚፎክር፣ እሳት የላሰ፣ ሲያዩት ልብ የሚያሞቅ ነው እንጂ ቆሞ የሚያንቀላፋ ፈረስ ማን ያደንቃል? ሐጂ እጀ ጠባባቸውን ሰበሰቡና፣ በስልሳ ዓመታቸው፣ እርካቡን ረግጠው ጉራቹ ላይ ወጡ። ያኔ ያየሁትን አልረሳውም። ስኳርና ሳሙና ሲመዝኑ የማውቃቸው ሽማግሌ ወገባቸው ቀጥ አለ፣ ልጓሙን በሁለት ጣት ያዙ፣ በሶምሶማ አንድ ዙር፣ በግልቢያ ሁለት ዙር፤ በሩ ላይ ዓሣ የጫነ ቦዳ ጥሩምባውን ሲነፋ ጉራቹ ወደ ጎን ዘለለ፣ እሳቸው ግን ከኮርቻው ንቅንቅ አላሉም። አባቴ አጨበጨበ።

«አየህ ግርማ? ደም ያለው ፈረስ ይሄ ነው! ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋለህ?»

አባቴ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እኔ በቤታችን ዝምተኛው ነኝ፤ ሽማግሌ ሲናገር አቋርጬ አላውቅም። ግን ሰላምን አየኋት፤ ጉራቹ ሲዘል ጀምሮ አጥሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ጣቶቿ ነጥተዋል።

«ሐጂ» አልኩ፣ «ያልወደቁት እርስዎ ስለሆኑ ነው እኮ። ሰላም ብትሆንስ?»

ሐጂ ወረዱና ልጓሙን ለምዜ ካቶ ሰጥተው «ቀጥል» አሉኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። ምዜ ካቶ መጀመሪያ ባዝራዋን ራሳቸው ይጋልቧት ዘንድ ጠየቅሁ፤ ጋለቧት። አራቱንም እግሮቿን ተራ በተራ አነሳሁ፤ አነሳችልኝ። ጃንጥላ ፊቷ ከፈትኩ፣ ለባለ ቦዳው ገንዘብ ሰጥቼ ሞተሩን አጠገቧ አስነሳሁ፣ ጥሩምባውንም አስነፋሁት፤ ባዝራዋ አንድ ጆሮዋን አዙራ ተመልሳ አንቀላፋች። በመጨረሻ የሁለት ሳምንት መሞከሪያ ጠየቅሁ። ምዜ ካቶ ደብተሬን እያዩ «ወር አድርገው» አሉ። «የሚፈራ ሻጭ ነው ቀን የሚቆጥረው።»

ሐጂ ያን ጊዜ ቀርበው ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ጥርሷን አዩ፣ ጉልበቷን ዳሰሱ፣ ሰኮናዋን በጣታቸው መቱ። «ዕድሜዋን አልዋሹም» አሉ። «ግርማ፣ ዘጠኙን ክፈል። ከስድስቱ ሚሊዮን በላይ ያለው የእሷ አይደለም፣ እስከ ዛሬ ያልጣለቻቸው ልጆች ሁሉ ዋጋ ነው።» ሳይከራከሩ ገዝተው የማያውቁ ሰው ስለሆኑ ግን ኮርቻውንና ልጓሙን አስጨምረው ነው የወጡት። በሩ ላይ ትከሻዬን ይዘው «ይሄ ልጅ ከየት ተማረው?» ብለው አባቴን ጠየቁት፤ አባቴም «ከራሱ» አለ። ከዚያ በኋላ አስተማሪዎችና አለቆች ሰርተፊኬት ሰጥተውኛል፣ ደመወዝም ጨምረውልኛል፤ ያችን አንዲት ቃል የሚያህል ግን አላገኘሁም።

ሰላም ያን ቀን ባዝራዋ ላይ ወጣች። ምዜ ካቶ እየሳቡ፣ እኔ በጎን እየሄድኩ፣ በእርምጃ ብቻ ግቢውን ዞረች፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ ዓይኗን እንደገለጠች አየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺ ባዝራ አንድም ቀን አልጣለቻትም።

አሁን ሐጂ ሱቁን ሸጠው ደሴ ገብተዋል። አባቴና ሰላም ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ባዝራዋን ትንሽ ልጅ ላለው ቤተሰብ፣ ልክ በገዛንበት ዋጋ ሰጠናት፤ አምና መሞቷን ሰማሁ። ግቢው በግንብ ታጥሮ ፎቅ ወጥቶበታል። ካምፓላ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ሰውም ያቺን ጠዋት ስነግረው ፈረስ መግዛታችንን ብቻ ነው የሚሰማው።

ስለዚህ የነበራችሁ ሁሉ የጎደለውን ሙሉልኝ። ሐጂ፣ ነጩ የግራ የፊት እግሯ ነበር ወይስ የኋላው? ደብተሬ ላይ አልጻፍኩትም፣ ያም ያሳፍረኛል። አባዬ፣ ኪስህ ውስጥ የነበረው እጅህ ገንዘቡን ይዞ ነበር ወይስ መቁጠሪያህን? አንቺም ሰላም፣ እርካቡን ከመርገጥሽ በፊት አንገቷን አቅፈሽ ጆሮዋ ውስጥ ረጅም ነገር አወራሻት፣ ሁላችንም ቆመን ጠበቅንሽ። ምን ነበር ያልሻት?