ሰኔ ወይስ ሐምሌ

ፋሲሎ ሰፈር ካለ ሱቅ የሰርዲን ቆርቆሮ አንስቼ ስገለብጠው፣ ጊዜው የሚያበቃበት ወር በፖርቱጋልኛ ተጽፎ አገኘሁት። ሳላስበው ጮክ ብዬ አነበብሁት፤ “ዡልዩ።”

በደርግ ጊዜ አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበር። ለስድስት ወር ወደ ሞዛምቢክ ሊላክ ሲል ፖርቱጋልኛ አጠና፤ የአሥር ዓመት ልጁ እኔም አብሬው አጠናሁ። “መጀመሪያ ቀኑ፣ ቀጥሎ ‘ደ’፣ ከዚያ ወሩ። ዡኙ ሰኔ ነው፣ ዡልዩ ሐምሌ። እንዳታምታቻቸው” ይለኝ ነበር።

እንጀራ እናቴ ዘነቡ ማንበብ አትችልም ነበር። የሟች እናቴን ቀሚስ ከሳጥን አውጥታ ከለበሰች ወዲህ ዓይኗን ማየት ጠልቼ ነበር።

በግንቦት ከሞዛምቢክ ደብዳቤ መጣ። አባቴ የሚመለስበትን ቀን እኔን ለማስደሰት በፖርቱጋልኛ ጽፎታል፤ “ዶዝ ደ ዡልዩ”፣ ዡልዩ አሥራ ሁለት። በእኛ ሐምሌ አምስት ነው።

“መቼ ይመጣል፣ የኔ ልጅ?” አለች ዘነቡ።

“ሰኔ አምስት” አልኋት።

ቀኑ ሲደርስ ጸጉሯን ተሠርታ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደች። በማግስቱም ሄደች፤ ሳምንቱን ሙሉ ዝናብ እየመታት ተመላለሰች። ጎረቤቶች “እዚያው አግብቶ ቀርቷል” አሏት። ሰኔ ሳያልቅ ወረታ ወላጆቿ ዘንድ ለመሄድ ልብሷን ጠቀለለች።

“አባትሽ ከመጣ፣ አልተቀየምሁም በዪው” ብላ ሳመችኝ።

አባቴ ሐምሌ አምስት ገባ።

“ቀኑን በትክክል አንብበሽላታል?”

“አዎ፣ አባባ።”

“እንግዲያው ልትጠብቀኝ አልፈለገችም” አለ። መልእክቷን አልነገርሁትም፤ እሱም ፈልጓት አልሄደም።

አባቴ ከሞተ ቆየ። ዘነቡ ዛሬም ወረታ አለች ይሉኛል። ከዚህ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አንድም ቀን አልሄድሁም።