አራቱ የሬዲዮ ድንጋዮች

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲወሰድ የጀመረውን ሮቦት ያለ ቀኝ እግር ትቶት ሄደ። ገላው የዱቄት ወተት ጣሳ፣ ዓይኖቹ ቆርኪ ነበሩ፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ዲናሞ ከተበላሸ ቴፕ የተፈታ ነው። እናታችን መደርደሪያውን ስትወለውል ሮቦቱን በሁለት እጇ አንስታ፣ በሁለት እጇ መልሳ ታስቀምጠዋለች። እኔ ኮተቤ የምማር የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነበርኩ፤ እልኸኛ ነበርኩ ብል ይቀላል። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር በእጅ የተሠሩ ሮቦቶችን ሊያወዳድር መሆኑን ስሰማ የጎደለውን እግር ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ሠራሁለት። የሳቁብኝን የሰፈር ወንዶች እስከ ዛሬ አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ።

ችግሩ ድንጋይ ነበር። የባትሪ ድንጋይ በዚያን ጊዜ እንደ ልብ አይገኝም፤ ኃይሉ ያለቀውን ፀሐይ ላይ እያሰጣን ጥቂት ቀን እናስታምመዋለን። እኔም አራት አሮጌ ድንጋዮች አጠራቅሜ የውድድሩን ቀን ጠበቅሁ። እሑድ ጠዋት ግን ደመናው ከእንጦጦ ወርዶ የካ ሚካኤልን ሸፈነው፤ ፀሐይ የሚባል ጠፋ። ቸኮልኩና ድንጋዮቹን ከሰል ምድጃው ጠርዝ ላይ ደረደርኳቸው። ፀጉሬን ተሠርቼ ስመለስ አብጠው ጥቁር ፈሳሽ ተፍተዋል። እዚያው ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ሬዲዮኑን ከመደርደሪያው አወረደችና ጀርባውን ከፍታ አራቱን ድንጋዮች አወጣች። ለእሷ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወታደሮች በገዛ ድምፃቸው ለቤተሰብ ሰላምታ የሚልኩበት ዝግጅት አለ። ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ አንድ ደብዳቤ አልመጣም፤ በዚያች ሰዓት እናቴ ድምፁን ስትጠብቅ ቤታችን ውስጥ ማንም ትንፍሽ አይልም። ውድድሩም የሚጀመረው ልክ በስምንት ሰዓት ነበር። ይቅርብኝ፣ አልሄድም አልኳት።

"እሱ የጀመረው ነው" አለች። "ሲሄድ ልየው።"

በመንገዳችን ላይ ባለሱቁ ጎረቤታችን ዘንድ ቆመች። ሬዲዮናቸውን ከጠዋት እስከ ማታ የማያጠፉ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። ዛሬ ጆሮዎን ያውሱኝ ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም የመንገዱ ጫጫታ እንዳያስቸግራቸው ደንበኛ መጣ አልመጣ ሳይሉ የሱቁን በር ዘጉ።

ውድድሩ በሚካሄድበት የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ከእኛ ሌላ አራት ሮቦቶች ነበሩ። ከካርቶን የተሠራው ዓይኖቹን ያበራል እንጂ አይንቀሳቀስም፤ አንደኛው ሰላምታ ሊሰጥ ክንዱን ሲያነሳ ክንዱ ተነቅሎ ወደቀ። የቀበሌው ሊቀመንበር የእኔን አገላብጠው አዩና ይህ ለምርት ምን ይጠቅማል ብለው ጠየቁኝ። ገና አልጠየቅሁትም፣ ጓድ አልኳቸው። እናቴ ከኋላ ሹራቤን ጎተተችኝ።

ሽቦውን ከሬዲዮኑ ድንጋዮች ጋር አገናኘሁት። ዲናሞው አጉረመረመ፣ ሮቦቱ ተንገዳገደ፣ ከዚያ እኔ የሠራሁለትን ቀኝ እግሩን አነሳ። ስድስት እርምጃ ሄዶ ከዳኞቹ ጠረጴዛ ጋር ተላተመና ተደፋ። ሦስተኛ ወጣን። እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች፤ ስትስቅ ካየኋት ዓመት አልፎ ነበር።

ስንመለስ ባለሱቁ ከሱቃቸው ወጥተው መንገድ ላይ ይጠብቁናል። ፊታቸውን ሳየው ገባኝ። ወንድሜ ተናግሯል። እማዬ ደህና ነኝ፣ አታስቢ፣ ሮቦቴን እንዳትጥሉብኝ ብሏል። እናቴ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለችና ድምፁ ሰልሏል ወይ፣ ያስለዋል ወይ እያለች ጠየቀቻቸው። እኔ ሮቦቱን ገደል ብጨምረው ደስ ባለኝ። ስንት ወር የጠበቀችውን በእኔ ምክንያት አጣችው። ይህን ሳታውቅብኝ አልቀረችም፣ እጄን ያዘችኝ።

"ድምፁን ሰው ሰምቶልኛል" አለችኝ። "ሮቦቱ ሲሄድ ግን ያየሁት እኔ ነኝ።"

ከዚያ በኋላ የወንድሜ ድምፅ በሬዲዮ አልመጣም። እናቴ ክብሪት ልትገዛ በሄደች ቁጥር እስቲ ይድገሙልኝ ትላቸዋለች። ባለሱቁም ሳይሰለቹ ይደግሙላታል፤ አንዲት ቃል አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። እኔ እኒያን ሽማግሌ የወደድኳቸውን ያህል ጥቂት ሰው ነው የወደድኩት።

መንግሥት በወደቀበት ዓመት ወንድሜ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ በእግሩ ተመለሰ። እናቴ እግሩን አጥባ፣ አብልታ ስታበቃ ባለሱቁን አስጠራቻቸው። ወንድሜን መደርደሪያው ሥር አስቀመጠችና በል ያመለጠኝን አሁን ንገረኝ አለችው። እሱ ያን ቀን ምን እንዳለ ረስቶታል። ባለሱቁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና ቃሉን ከመጀመሪያው ያዙለት፤ እሱ ከአፋቸው እየተቀበለ ደገመው። እንደ ድሮው እሑድ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ሰማችው። "ሮቦቴን እንዳትጥሉብኝ" የሚለው ላይ ሲደርስ ተነሳች፣ ሮቦቱን በሁለት እጇ አወረደችና ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት።

"ስድስት እርምጃ ሄዷል" አለችው።