ጋቢው በትከሻዬ ያለፈ ዕለት

ወሬውን የነገረችኝ የትምህርት ቤታችንን ሻይ ክበብ የምትይዘው ሴት ናት። የረፍት ሰዓት ነበር። ሻዬን አስቀመጠችና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ «ቲቸርዬ፣ ትናንት ሽሮ ሜዳ ሲስተርን አየኋቸው። በጋቢ ዋጋ ሲከራከሩ» አለችኝ።

«ብርድ ነዋ። ለራሳቸው ይሆናላ» አልኳት።

«ኧረ እሳቸው ሹራባቸውን መች አውልቀው ያውቃሉ። ይሄ ባለ ጥለት ነው፣ የክብር። ለወላጆች ቀን አንድ መምህር ሊሸለም ነው አሉ።» ይህን ብላ፣ ሳላዛት፣ ሻዬ ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመረችልኝ። ስኳሩን እንደ ምስክር ቆጠርኩት።

ጉለሌ ውስጥ፣ ወደ ቁስቋም በሚወጣው ዳገት ላይ ባለ አንድ የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግብረ ገብ አስተምራለሁ። ትሕትና የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ርእስ ነው። ከሌሎቹ ርእሶች ሁሉ አብልጬ የማስተምረው እሱን እንደሆነ ይነገርልኛል። እኔም ሲነገርልኝ ደስ ይለኛል።

ጋቢው ለምን ልቤን እንዳንጠለጠለው ለመናገር ግን ከእናቴ መጀመር አለብኝ። እናቴ ያለችው ቦንጋ ነው። ከአገሬ ወጥቼ አዲስ አበባ ከገባሁ ወዲህ የጎረቤቶቻችን ልጆች ዐረብ አገር ሄደው ለእናቶቻቸው ቆርቆሮ ቤት ሠርተዋል። እኔ በየዓመቱ ይዤላት የምሄደው የቁምስናችን ቤተ ክርስቲያን የሚያሳትመውን የቀን መቁጠሪያ ነው። አንዷ ጎረቤታችን እናቴን ባገኘቻት ቁጥር፣ «ልጅሽ ከተማ ምን ትሠራለች?» ትላታለች።

«ልጆችን ጥሩ ሁኑ ብላ ታስተምራለች።»

«ለዚህ ለዚህማ እዚህም ልጆች ነበሩ።»

እናቴ ይህን በስልክ ስትነግረኝ ትስቃለች። ስቃ ስትጨርስ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ትጨምራለች፤ «የሰው አገር ሰው አክብሮሽ አንድ ቀን ባይ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር» ትላለች። ስለዚህ የእኔ ጉዳይ ጋቢው ራሱ አልነበረም። ጋቢ ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ለእናቴ መላክ ነበር። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳሳምን፣ ጉዳዩ ከትዕቢት ወጥቶ አባትና እናትህን አክብር ወደሚለው ትእዛዝ ገባልኝ።

በማግስቱ ሲስተር ቢሯቸው አስጠሩኝ። ሲስተር ርእሰ መምህራችን ናቸው፤ የመጡት ከሕንድ ነው። አማርኛ የለመዱት ከመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ስለሆነ፣ የቁምስናውን ቄስ ሳይቀር ሰውን ሁሉ «አንተ»ና «አንቺ» ነው የሚሉት። ማንም አይቀየማቸውም።

«ነይ፣ ቁጭ በዪ። በወላጆች ቀን አንድ መምህር እናከብራለን። አንቺን አስበናል።»

«ኧረ ሲስተር፣ እኔ ምን ሠርቼ። አይገባኝም።»

«ይገባሻል።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልወድም። የሰማዩ ዋጋ ይበቃኛል። ለሌላ ሰው ስጡት።»

ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ። «እውነት?»

«እውነት።»

ባደግኩበት ቤት «ብሉ» ሲባል መልሱ «በልቻለሁ» ነው። እንደገና ሲባል «ጠግቤያለሁ» ነው። «በሞቴ» ሲባል ሰው እጁን ይታጠባል። በመጀመሪያው «ብሉ» ወደ ማዕድ የቀረበ ልጅ እንግዳው ከሄደ በኋላ ይቆነጠጣል። እኔም ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ «በሞቴ»ን ጠበቅኩ። ስትመጣ የምመልሰውን እንኳ አዘጋጅቻለሁ፤ «እንግዲህ ከጨከናችሁ ምን አደርጋለሁ» ልላቸው ነው።

«እሺ» አሉ ሲስተር። «አንቺ በጣም ጥሩ ነሽ። አከብርሻለሁ።» መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና ወደ ኮምፒውተራቸው ዞሩ።

ከወንበሬ አልተነሳሁም።

«ሌላ ነገር አለ?»

«የለም፣ ሲስተር።»

«በሩን ዝጊው። ብርድ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚያ ያበቃለት ነበር። እኔ ግን ከቢሮው እስከ ክፍሌ ባለው ኮሪደር ላይ ተስፋዬን አድሼ ጨረስኩ። ሲስተር እዚህ አገር ብዙ ኖረዋል፣ የእኛን ጠባይ ያውቃሉ፣ «እሺ» ያሉት ነገሩን ደብቀው በዕለቱ ሊያስደንቁኝ ነው አልኩ። ጸሎት ቤት ገብቼም ተንበረከክኩ። «ጌታ ሆይ፣ ከከንቱ ውዳሴ ጠብቀኝ። ፎቶ የሚያነሳው ሰው ግን በቀኝ በኩል ይሁን» አልኩ። በግራ በኩል ጥርሴ ወልቋል።

እናቴ ጋም ደወልኩ። «እማ፣ አንድ ነገር አለ፣ ጸልዪልኝ።»

«ባል ነው?»

«አይደለም።»

«ይሁን፤ ላልሆነውም እጸልያለሁ።»

በመምህራን ክፍል ከጎኔ የሚቀመጠው የሒሳብ መምህሩ ነው። ጴንጤ ነው፣ ቁመቱ የበሩን ጉበን ሊነካ ምንም አይቀረው፣ ነገር አያሳልፍም። በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት አተኩሮ አየኝና፣ «አንገትሽን ምን ነካው?» አለኝ።

«ምን ሆነ?»

«ወደ ጎን አዘንብለሽዋል እኮ። ልክ እንደ ቅዱሳን ሥዕሎቻችሁ።»

«ትራስ ነው» አልኩት። ከዚያ በኋላ አንገቴን ለማቃናት ብዙ ደከምኩ። ትሕትና አንዴ አንገት ላይ ከወጣ በቀላሉ አይወርድም።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ክረምቱ ገብቷል፤ የእንጦጦ ጉም እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ወርዷል። ሰው ሁሉ ጃኬትና ነጠላ ደራርቦ መጣ። እኔ ጋቢው ትከሻዬ ላይ ደህና እንዲቀመጥ ብዬ፣ የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ነጠላዬንም ሹራቤንም ቤት ትቼ ወጣሁ። የሻይ ክበቧ ሴት ስታየኝ፣ «ቲቸርዬ፣ አንቺ ልጅ ብርድ አይገልሽም?» አለችኝ። «ይሞቀኛል» አልኳት፤ ጥርሴ እየተንገጫገጨ። ከፊት ረድፍ፣ ከመድረኩ መወጣጫ አጠገብ፣ እንደ አጋጣሚ ተቀመጥኩ።

የሚኒ ሚዲያ ልጆች ዜናቸውን በድምፅ ማጉያው አነበቡ። መዋዕለ ሕፃናቱ ዘመሩ፣ አንዱ መሐል ላይ እናቱን አይቶ አለቀሰ። ከዚያ ሲስተር ማይክሮፎኑን ያዙ። «አንድ መምህር አለን» አሉ። «ብዙ ዓመት ሠራ። አልደከመውም።» ሲስተር ወንድና ሴት አንዳንዴ ስለሚያምታቱ «ሠራ» ማለታቸው አላሳሰበኝም። ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሳሁ።

የተጠራው የሒሳብ መምህሩ ነው።

አንዴ ተነስቻለሁ። ተመልሼ ብቀመጥ ምን ሆና ነው ይባላል፤ ወደፊት ብሄድማ ጉድ ነው። ስለዚህ እዚያው እንደቆምኩ አጨበጨብኩ። ከኋላዬ ያሉት መምህራን ቀድሜያቸው ለባልደረባችን ክብር የቆምኩ መስሏቸው እነሱም ተነሱ። ወላጆች ተከተሉ። ግቢው በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። በትምህርት ቤታችን ለአንድ መምህር ሰው እንዲያ ሲቆም አላየሁም። ያስቆምኩት እኔ ነኝ።

ሲስተር ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ነይ አንቺ» አሉኝ በማይክሮፎኑ። «አንቺ አልብሺው።» አንዲት ተማሪ የምታበረክተውን አበባ እጄ ላይ አስታቀፈችኝ። እጄ ስለተያዘ ሲስተር ጋቢውን አንስተው ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉት። ያኔ ስልኮች ብልጭ ብልጭ አሉ። እንዴት እንደሚሞቅ። አበባውን አቀብዬ ጋቢውን እስካወርድ ድረስ የቆየው ሙቀት እስካሁን አልጠፋኝም።

የሒሳብ መምህሩ ፊቴ ቆሟል። እጄ ትከሻው ላይ አልደረሰም።

«ጎንበስ በል» አልኩት በሹክሹክታ።

«ከዚህ በላይ ጎንበስ ካልኩ ስግደት ይሆናል። እኛ ደግሞ ለፍጡር አንሰግድም።»

በእግር ጣቴ ቆሜ አለበስኩት። በእኔ ቁመት የተመረጠው ጋቢ እሱ ላይ ነጠላ መሰለ። ማይክሮፎኑን ሲይዝ፣ «ሲስተር ሲነግሩኝ ያልኳቸው ነገር አንድ ነው። ለምን ዘገያችሁ አልኳቸው» አለ። ወላጅ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ብርዱ አገጬን ይዞት ስለነበር ሳቄ ምን እንደሚመስል አላውቅም።

ይህ ብቻ ቢሆን ብርዱንም እፍረቱንም ለንስሓ አባቴ ነግሬ እረሳው ነበር። ግን በዚያው ሳምንት እናቴ ደወለች። ድምፅዋ እንደ ወጣት ድምፅ ሆኗል።

«አየሁት! ጋቢሽን አየሁት!»

ልጇን እዚህ ታስተምር የነበረች የአክስቴ ልጅ አለች። አሁን ጅማ ብትሆንም ከወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ አልወጣችም። ጋቢው ትከሻዬ ላይ ያለበትን ፎቶ ከዚያ አግኝታ ለእናቴ ልካላታለች። ያችን ጎረቤታችንን የምታህል ሴት ማር ይዛ እንኳን ደስ ያለሽ ልትል መጥታለች። ፎቶው ታትሞ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የቀን መቁጠሪያዎቼ ወርደውለት።

«እማ፣ ጋቢው የእኔ አይደለም» አልኳት።

«እንዲያ ነው የሚባለው። እኔ አይደለሁ ያስተማርኩሽ።»

«የእውነቴን ነው። የተሸለመው የሒሳብ መምህሩ ነው።»

«ሰጠሽው?»

«አልሰጠሁትም፣ የራሱ ነው።»

«አውቃለሁ። መች ለራስሽ ታስቀሪያለሽ አንቺ።» ቀጥላም የጠበቅኳትን ቃል፣ ካልጠበቅኩት አፍ ሰማኋት። «በሞቴ፣ ለመስቀል ስትመጪ ለብሰሽው ነይ።»

ሲስተር ውሸቴን በአንድ ጊዜ አመኑኝ። እናቴ እውነቴን ደጋግሜ ብነግራትም አላመነችኝም። ለማን ምን ማስተማር እንዳለብኝ ግራ ገብቶኝ ለሻይ ክበቧ ሴት ነገርኳት። «ሽሮ ሜዳ ሞልቶ የለ፣ አንዱን ገዝተሽ መልበስ ነው» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ሄጃለሁ። አንዱን ባለ ጥለት ዳስሼም አይቻለሁ። ግን ውሸት በአራት ድርብ ሲለበስ እንዴት ለቅዳሴ ይገባበታል፤ ትቼው ተመለስኩ። የሒሳብ መምህሩም ሰምቶ፣ «ለመስቀል የእኔን ውሰጂዋ፣ እኔ ጃኬት አለኝ» አለኝ።

«ኧረ ተው፣ አይሆንም» አልኩት።

«እሺ» አለ። እሱም እንደ ሲስተር ነው።

እናቴን ማሳመን ካልቻልኩ፣ የሰው ጋቢ አስለብሳኝ እስክትሞት ልትኮራብኝ ነው። እንዲህ ከምትኮራብኝ፣ በማውቀው ሥራዬ፣ ልጆችን ጥሩ ሁኑ በማለቴ፣ እንደ ድሮው ስቃ ብትተወኝ ይሻለኛል። ቃሌን ደግሞ ከትሕትና ትቆጥረዋለች። የሚያሳምናት ፎቶ ብቻ ነው።

ስለዚህ በዚያ ቀን ግቢያችን ውስጥ ስልካችሁን ከፍ አድርጋችሁ የቆማችሁ ወላጆች ሆይ፣ እለምናችኋለሁ። ትከሻዬን ያነሳችሁት ፎቶ ቦንጋ ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የምፈልገው ቀጥሎ ያለውን ነው፣ በእግር ጣቴ ቆሜ ጋቢውን ሰውዬው ላይ ሳለብሰው የሚያሳየውን። ፊቴ ምንም ይምሰል፣ ጥርሴም በግራ በኩል ይታይ፣ እንዳትቆርጡት። ያላችሁ በልጆቻችሁ በኩል ከመስቀል በፊት ላኩልኝ። የለኝም የምትሉም፣ በሞቴ፣ ስልካችሁን ደግማችሁ እዩልኝ። እኔ እንደ ሲስተር አይደለሁም፤ በአንድ «የለም» አልመለስም።