አላልፍ ያለችው መኪና

እናቴ «በሞቴ፣ በረዶ ላይ ሳይክል እንዳትነዳ!» ብላ አስምላኛለች። እኔ ግን በዚያ ብርድ ቆሞ አውቶቡስ መጠበቅ ስለማልወድ፣ ሥራ የምሄደው በሳይክል ነው።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሪጀንት ፓርክ አካባቢ አንዲት ጥቁር መኪና ከኋላዬ ተለጠፈች። ስፈጥን ትፈጥናለች፣ ስቀንስ ትቀንሳለች፣ እለፊ ብዬ በእጄ ባሳያትም አታልፍም። መንገዱ መስታወት ሆኗል፤ ካዳለጠኝ እላዬ ላይ መውጣቷ ነው።

በዚህ መሀል ጆሮዬ ላይ በሰካሁት ማዳመጫ እናቴ ደወለች።

«የት ነህ ልጄ?»

«ሰብዌይ ውስጥ ነኝ እማዬ» አልኳት፣ የምድር ውስጥ ባቡር የተሳፈርኩ አስመስዬ።

ቀይ መብራት አስቆመኝ። መኪናዋም አጠገቤ ቆመችና መስኮቷ ወረደ። የሚነዱት የእናቴ ጎረቤት ጋሽ ታደሰ ናቸው። ከጎናቸው እናቴ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ታየኛለች።

«ታዲያ ጢምህ ላይ ያለው በረዶ ከየት መጣ?»